ብላይንድ ራሴ ልሰቅል ነው፤ ሰፋብኝም ረዘመብኝም

ጦሳ_ሥር | ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንዴት ከረማችሁ?

ደሴ ነኝ። የእናቴን ቤት ቀለም ቀብተን ጨረስን፤ መስኮቱ ግን ራቁቱን ቀረ። ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ደሴን ለሚያውቅ ማብራራት አያስፈልግም፤ የጎረቤት በረንዳ ከእኛ ጣራ በላይ ነው። ቡና ተፈልቶ ስንቀመጥ ከላይ ያሉት ሰዎች ስኒ ይቆጥራሉ።

ስለዚህ ብላይንድ ገዛሁ። ለሳሎን ሁለት ባለ ቅጠል፤ ያ ቀጫጭን አልሙኒየም ተደርድሮ በገመድ የሚሳበው። ለመኝታ ቤት አንድ ሮለር፤ ጨርቁ የሚጠቀለለው። ባለ ቅጠሎቹ 120 በ160 ሳንቲም ናቸው። ሮለሩ ስፋቱ 140 ነው። የሳሎኑ መስኮቶች ሁለቱም 113 በ121 ናቸው። የመኝታ ቤቱ 118 ስፋት አለው።

ለምን ልኩን አልገዛህም እንዳትሉኝ። ሻጩ «ችግር የለም፣ ይቆረጣል» አለኝ። ከከፈልኩ በኋላ «ማን ይቆርጥልኛል?» ስለው «ባለሙያ አለ» አለ። ባለሙያው መጥቶ ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ ዋጋ ጠራ። የጠራው ከብላይንዱ ዋጋ ብዙም አይተናነስም። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ድሪል ተውሻለሁ። ሰጌቶ አለኝ። ካቻቢቴም አለ። ልምድ ግን የለኝም። ከየት ልጀምር?

የወልድያው | ሰኞ ማታ 2:31

መጋረጃ የሚባል ነገር አለ። ሰምተህ ታውቃለህ?

ጦሳ_ሥር | ሰኞ ማታ 2:33

ነበረን። ድመቷ ተንጠልጥላ ቀደደችው።

አናጢው_ከሐይቅ | ሰኞ ማታ 3:05

ደህና አመሻችሁ።

ልጄ፣ ሰጌቶውን አስቀምጠው። ጣውላ ስቆርጥ ነው የሸበትኩት። ቆርጬ መልሼ ያስረዘምኩት ግን የለም።

መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገረኝ። ግድግዳው ብሎኬት ነው ጭቃ? መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? እጀታው ምን ያህል ወጣ ብሏል?

በምክንያት ነው የምጠይቅህ። ብላይንድ ሁለት ዓይነት አሰቃቀል አለው። አንዱ ከመስኮቱ ክፍተት ውስጥ ገብቶ የሚሰቀለው ነው። እሱ ያምራል፤ ግን ልኩ ጥንቅቅ ማለት አለበት። ሌላው ከክፍተቱ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ መስኮቱን ከነዳሩ የሚሸፍነው ነው። እሱ ሰፋ ቢል፣ ረዘም ቢል ግድ የለውም። የእኛ አገር ብዙው መስኮት ፍርግርጉ በውጭ ነው፤ መዝጊያው ደግሞ ወደ ውስጥ ይከፈታል። እንዲህ ከሆነ ክፍተቱ ውስጥ የሰቀልከው ብላይንድ መስኮት በከፈትክ ቁጥር ይጋጭሃል።

ስትለካም አንድ ቦታ ለክተህ እንዳትነሳ። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለካ። ልስን አይታመንም። ሦስቱ ካልተስማሙ ትንሹን ያዝ። ውስጥ የሚገባ ከሆነ ከትንሹም ላይ አንድ ሳንቲም ቀንስለት። ያለዚያ ቀለምህን እየፋቀ ይወርዳል።

ጦሳ_ሥር | ማክሰኞ ጠዋት 1:40

ጋሽ አናጢ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ሳሎኑ በኋላ የተቀጠለ ስለሆነ ብሎኬት ነው። መስኮቱ ላሜራ ሆኖ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ፍርግርጉ በውጭ ነው። ልክ እንዳሉት። መኝታ ቤቱ አሮጌው ቤት ነው፤ ጭቃ። የእንጨት መስኮት፣ ወደ ውጭ የሚከፈት። እሱን እንዳሉኝ ሦስት ቦታ ለካሁት። ላይ 118፣ መሃል 116 ተኩል፣ ታች 117። ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል ማለት ነው።

አሁን ልናዘዝ። መልስዎን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው። ትናንት ማታ እጄ አላስቀምጥ ብሎኝ አንዱን ባለ ቅጠል ቆረጥኩት።

ቅጠሎቹን ሰብስቤ በፕላስተር አሰርኳቸው። በርጩማ ላይ አድርጌ በጉልበቴ ያዝኩና በሰጌቶ ከአንድ ጎን 7 ሳንቲም አነሳሁ። ከላይኛው ሳጥንም፣ ከታችኛው ዘንግም እንዲሁ። 113 ሆነ። ክፍተቱም 113 ነው። አልገባም። ጫፋቸው እንደ መጋዝ ሆኗል። አንዱ ጣቴን ሸረከተኝ፤ ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ብቻ ነው። ገመዱ ደግሞ በአንድ በኩል ከዳሩ 16 ሳንቲም፣ በሌላው በኩል 9 ሳንቲም ላይ ቀረ። ሲሳብ አንድ ጎኑ ቀድሞ ይወጣል።

የወልድያው | ማክሰኞ ጠዋት 1:52

ሰጌቶው ከሐይቅ ምክር ፈጠነ።

አናጢው_ከሐይቅ | ማክሰኞ ቀን 6:20

አብሽር። ጣትህን አልኮል አድርግለት።

የባለ ቅጠል ስፋቱ ክፉ ነው። ከአንድ ጎን አይቆረጥም። 7 ማንሳት ካለብህ ሦስት ተኩል ከግራ፣ ሦስት ተኩል ከቀኝ ነው፤ ገመዱ ከሁለቱም ዳር እኩል እንዲርቅ። ሲቆረጥም ቅጠሎቹ በሁለት ጣውላ መሃል ጭምቅ ብለው ይታሰራሉ። ሰጌቶው ጣውላውንም አብሮ ነው የሚቆርጠው። ያኔ ቅጠሉ አይጎብጥም። ከዚያ በጥሩ ሞረድ ጫፉን ማለስለስ፤ ማዕዘኑንም ክብ ማድረግ። ሰባ ምናምን ቅጠል ነው። ሥራ ፈት ካልሆንክ በቀር አትጀምረው።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ሰጌቶውን አስቀምጥ ያልኩህ። የባለ ቅጠል ቁመቱን ማሳጠር ልጅም ይችለዋል። ስፋቱን ግን ካልሞትኩ አትንካው።

የቆረጥከውን ከ113 ያነሰ መስኮት ፈልግለት። ወጥ ቤት የለህም? 95 ወይ 100 ቢሆን ከላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ገመዱ ማዘንበሉን ወጥ ቤት ማንም አያየውም። ሁለተኛውን ግን እንዳለ በ120ው ከሳሎኑ ክፍተት በላይ ስቀለው። በየጎኑ ሦስት ተኩል ያልፋል። አምስት ቢያልፍ ደግ ነበር፤ ይሁን፣ ይሸፍናል።

አንድ ነገር አትርሳ። መስኮትህ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ብላይንዱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ላይ ስበህ ሰብስበው፤ ከነሳጥኑ ስንት እንደሚወፍር ለካ። ከክፍተቱ በላይ ከዚያ ከፍ አድርገህ ስቀለው። ሲሰበሰብ መዝጊያው ከሥሩ በነፃ ማለፍ አለበት።

ጦሳ_ሥር | ማክሰኞ ማታ 1:10

የወጥ ቤቱ 92 ነው። ተገላገልኩ።

ሲሰበሰብ 11 ሳንቲም ሆነ። እንግዲህ ከክፍተቱ 14 ሳንቲም ከፍ ላድርገው። ክፍተቱ 121 ነው። ከደፉ በታች 8 ሳንቲም ቢወርድ፣ ጠቅላላ 143። ብላይንዱ 160 ነው። 17 ሳንቲም ይተርፋል። እሱን እንዴት ነው የማሳጥረው? የምቆርጠው ገመድ ካለ ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ራሴን አላምነውም።

ድሪል_ኮምቦልቻ | ማክሰኞ ማታ 2:00

ይሄ የእኔ ነው። የቢሮ ጥገና ነው የምሠራው፤ በዓመት ስንቱን እንደማሳጥር አልነግርህም።

በመጀመሪያ ስቀለውና ሙሉ ለሙሉ አውርደው። ወለል ላይ አድርገህ አትሥራው፤ ገመዱ ይጠላለፍብሃል። የሚተርፉትን ቅጠሎች ቁጠር። በሁለት ቅጠል መሃል ሁለት ሳንቲም ምናምን ነው። 17 ሳንቲም ማለት ስምንት ቅጠል ነው።

አሁን የታችኛውን ዘንግ ገልብጠህ ከሥሩ እየው። ትንንሽ ክብ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉ። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብለህ ፈንቅላቸው፤ እንዳይጠፉብህ ስኒ ውስጥ አስቀምጣቸው። ከክዳኑ ሥር የተቋጠረ ገመድ ታገኛለህ። እሱ መሳቢያው ነው፤ ብላይንዱን ወደ ላይ የሚያነሳው። ቋጠሮውን ፍታና ከዘንጉ፣ ከዚያም ከስምንቱ ቅጠሎች ብቻ ወደ ላይ ሳበው። ከዚያ አታሳልፈው! ከላይኛው ሳጥን ከወጣ መልሶ ለማስገባት ቀንህን ትበላለህ።

ቅጠሎቹን የያዘው ሌላ ገመድ ነው። እንደ መሰላል የተሠራው፤ በፊትም በኋላም ያለው። ስምንቱን ቅጠሎች ከመሰላሉ ወደ ጎን አንሸራተህ አውጣቸው። ከዚያ ዘንጉን አንስተህ በመሰላሉ አዲስ እርከን ላይ አስገባው። መሳቢያውን በዘንጉ ቀዳዳ አሳልፈህ እንደገና ቋጥረው። ቋጠሮው በሁለቱም ጎን እኩል ቁመት ላይ ይሁን። ያለዚያ ታችኛው ዘንግ ዘመም ይላል።

የመሰላሉ ትርፍ ወደ ታች ይንጠለጠላል። የሚቆረጠው እሱ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን መጀመሪያ ብላይንዱን ሦስት አራት ጊዜ አውጥተህ አውርደህ ሞክር። ልክ ከሆነ 6 ወይ 7 ሳንቲም አስተርፈህ ቁረጥ። የተረፈውን ወደ ቀዳዳው አጥፈህ ክተትና ክዳኑን ግጠምበት። አለቀ። ሰጌቶ የለም፣ ደም የለም።

ከ20 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። የመጀመሪያው ሰዓት ይፈጃል፤ እሱን አትቁጠረው።

ጦሳ_ሥር | ማክሰኞ ማታ 2:14

አቦ ተባረክ። ስለ መብሳቱስ?

ድሪል_ኮምቦልቻ | ማክሰኞ ማታ 2:40

ከመስኮት በላይ ያለው አርክትራቩ ነው፤ ኮንክሪት። ብሎኬት መስሎህ ተራ ፑንታ (የድሪል መብሻ) ብትይዝ ይቃጠልብሃል። የኮንክሪት ፑንታ 6 ቁጥር፣ ፊሸርም (ብሎኑ የሚታሰርበት ፕላስቲክ) 6 ቁጥር። ድሪሉ መዶሻ ያለው ይሁን። ልስኑ ሁለት ሳንቲም ያህል ውፍረት አለው። ፊሸሩ ልስኑ ውስጥ ብቻ ከቀረ አንድ ቀን ብላይንዱ ከነ ልስኑ ቡና ላይ ይወርድላችኋል። ልስኑን አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ ይግባ። ፑንታው ላይ ፕላስተር ጠምጥም፤ ጥልቀቱን በእሱ እወቅ።

ፑንታው በድንገት እምቢ ካለና ድምፁ ከተለወጠ ፌሮ ነው። አትታገለው። ሁለት ሦስት ሳንቲም ወደ ጎን ዞር በል። መያዣውን ማዞር ካልቻልክ ከፍ ወይ ዝቅ አድርገው፤ ሁለቱንም ግን እኩል።

ከአርክትራቩ ውጭ ብሎኬቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ፊሸሩ ሆዱ ውስጥ ጥልቅ ብሎ ይጠፋል። ያኔ ወፈር ያለ፣ ረዘም ያለ ፊሸር ያስፈልግሃል። ወይም ባዶውን ሸሽተህ የመጋጠሚያ ሲሚንቶውን ፈልግ።

ውሃ ልክ ያዝ። በዓይን አትመን፤ ኮርኒስህ ራሱ ዘመም ሊል ይችላል።

የወልድያው | ማክሰኞ ማታ 2:47

ከመሰርሰርህ በፊት የመብራት ሽቦ በየት እንደሚያልፍ እይ። ከማብሪያ ማጥፊያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄድ ሽቦ አለ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ጦሳ_ሥር | ረቡዕ ማታ 3:30

ዘገባ።

የመጀመሪያው ቀዳዳ እንደ ቅቤ ገባ። ሁለተኛው ላይ ፌሮ አገኘኝ፤ ድምፁ ተለወጠ፤ ዞር አልኩ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ግማሽ ደርሼ መብራት ሄደ። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። እማዬ በአንድ ጎን ብቻ ተሰቅሎ የተንጠለጠለውን ሳጥን እያየች «ይሄ ነው እንግዲህ የገዛኸው?» አለችኝ። መብራት ሲመጣ ጨረስኩ።

ስምንት ቅጠል አወጣሁ። ክዳኖቹን ስኒ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አንዱ ክዳን ግን ከስኒው ጋር ታጥቦ ሄደ። በሻማ ሰም ደፈንኩት። ደህና ነው?

ድሪል_ኮምቦልቻ | ረቡዕ ማታ 3:41

ሰሙ ፀሐይ ሲመታው ይወርዳል። ከጠርሙስ ክዳን ቆርጠህ በኮላ ለጥፍበት።

ከባህር_ማዶ_ወሎዬ | ረቡዕ ማታ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴን ካየሁ ቆየሁ፤ ይህን ክር ሳነብ ጉምዋ ፊቴ ላይ መጣ።

ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ከአሜሪካ ዘመድ ብላይንድ የሚያስልክ ካለ የተጻፈው ቁጥር ኢንች ነው። 48 ያለው 122 ሳንቲም ነው፤ 64 ያለው 162 ተኩል ገደማ። በ2.54 አባዙት። እህቴ ልክ ላኩልኝ ስላት 110 ላከችልኝ፤ ሳንቲም መሆኑን ሳልጠይቅ 110 ኢንች ሳፈላልግ ዋልኩ። የቤተ መንግሥት አዳራሽ ልክ ነው!

ሁለተኛው ቁም ነገር ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ? የብላይንድ ገመድና የሮለር ሰንሰለት ለሕፃን አደገኛ ነው። ቀለበት ሠርቶ የተንጠለጠለ ገመድ አንገት ውስጥ ይገባል፤ ልጁ ድምፅ እንኳ አያሰማም። እዚህ አሜሪካ በፈረንጆቹ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በየመደብሩ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ገመድ አልባ ወይም ገመዱ የማይደረስበት እንዲሆን መስፈርት ወጣበት። በ2024 ደግሞ በትዕዛዝ የሚሠራውም ተጨመረ። የገዛችሁት ገመድ ያለው ከሆነ ግድግዳው ላይ መጠምጠሚያ ምቱለት። የአውሮፓው መስፈርት ከወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ይላል። ሮለር ከሆነ ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዝ ትንሽ ፕላስቲክ አብሮት ይመጣል። ብዙ ሰው ትርፍ ዕቃ መስሎት ይጥለዋል። አልጋ፣ ሶፋ፣ በርጩማም ከመስኮቱ አርቁ።

ጦሳ_ሥር | ረቡዕ ማታ 4:22

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ያ ፕላስቲክ ከካርቶኑ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ነበር። አሁን በባትሪ ፈልጌ አወጣሁት።

ሐሰና_ሰፊ | ሐሙስ ጠዋት 3:15

ሰላም ልጆች። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ነው የምሰፋው፤ መጋረጃም ጭምር። እስካሁን ዝም ብዬ አነብ ነበር።

ሮለሩን ከመንካትህ በፊት ልጠይቅህ። 140 የተባለው ጨርቁ ነው ወይስ ከነማንጠልጠያው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ማንጠልጠያውና ሰንሰለት መሳቢያው በየጎኑ ቦታ ይይዛሉ። ጨርቁ ሁልጊዜ ከጠቅላላው ያንሳል።

ጦሳ_ሥር | ሐሙስ ቀን 6:05

እትዬ ሐሰና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠቅላላው 140፣ ጨርቁ ብቻውን 136 ተኩል ነው።

እሱንም እንደ ሳሎኑ ከላይ ልስቀለው ብዬ ነበር፤ ሳይቆረጥ። ግን ከመስኮቱ ጎን የእማዬ ቁም ሳጥን አለ። ከክፍተቱ ዳር 6 ሳንቲም ላይ ነው የቆመው። ቁም ሳጥኑ አይነቃነቅም፤ ቤቱ የተሠራው በእሱ ዙሪያ ይመስለኛል። ስለዚህ ጠቅላላው 128 መሆን አለበት፤ በየጎኑ 5 እያለፈ።

ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው። ፊሸር ይይዛል?

አናጢው_ከሐይቅ | ሐሙስ ቀን 7:30

ጭቃ ፊሸር አይይዝም። አፈር ነው፤ ይፈረፈራል። ዛሬ ቢይዝ ነገ ሰንሰለቱን ስትስበው ተነቅሎ ይመጣል።

በጣትህ አንጓ ግድግዳውን ከዳር ወደ ዳር እያንኳኳህ ሂድ። ባዶ ባዶ የሚል ድምፅ ሲደፈን ቋሚ እንጨት አገኘህ ማለት ነው። በቀጭን ምስማር ወግተህ አረጋግጥ። አንድ ቋሚ ብቻ አይበቃህም፤ ሁለት ፈልግ። ከዚያ አምስት በሰባት የሆነ የሞራሌ እንጨት በ130 ቁረጥ፤ አንተ መቁረጥ ትወዳለህ። ሞራሌውን በረጅም ቪቴ (በካቻቢቴ የሚታሰረው) ከሁለቱ ቋሚዎች ጋር እሰር። ቪቴው ሞራሌውን፣ ልስኑን፣ ጭቃውን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሳንቲም ይግባ። የሮለሩን መያዣ ከዚያ በኋላ ሞራሌው ላይ በትንንሽ ቪቴ ትመታለህ። ሞራሌውን እንደ ግድግዳው ቀለም ቀባው፤ አይታይም።

በምስማር አትምታው። መዶሻ የድሮ ጭቃ ያረግፋል። ቀለሙን ገና አሁን ነው የጨረሳችሁት ብለሃል።

ሐሰና_ሰፊ | ሐሙስ ማታ 1:20

ከ140 ወደ 128 ከሆነ የምታነሳው 12 ሳንቲም ነው። ከቧንቧውም፣ ከጨርቁም፣ ከታችኛው ዘንግም እኩል 12። ሰንሰለት ያለበትን ጎን አትንካ። በሌላው ጎን ያለውን የፕላስቲክ መሰኪያ ንቀል፤ የሚቆረጠው በዚያ በኩል ነው። መሰኪያው መልሶ እዚያው ይገጠማል።

ስለ ቧንቧው አልነግርህም፤ ሰጌቶ ታውቃለህ። እኔ ስለ ጨርቁ ልንገርህ።

ጨርቁን ከቧንቧው ላጠው፤ በማጣበቂያ ነው የተያዘው። ንጹሕ ወለል ላይ ዘርጋው። አንሶላ አንጥፍ እንዳይቆሽሽ። ከጠርዙ 12 ሳንቲም ላይ ምልክት አድርግ፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በየአንድ ክንድ። ምልክቶቹን በቀጥታ ብረት አገናኛቸው። ከመቁረጥህ በፊት ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለካ፤ ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች፣ ከቀኝ ላይ ወደ ግራ ታች። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መስመርህ ጠማማ ነው። ጠማማ ከቆረጥከው ጨርቁ ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ጠርዙም ማንጠልጠያው ላይ ይፈተጋል።

በመቀስ አትቁረጠው። መቀስ ያነሳዋል፤ ይንቀጠቀጣል። አዲስ ምላጭ ያለው ከተር ያዝ። ብረቱን ሰው ይርገጥልህ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳታነሳ፣ ረዥም አድርገህ ሳበው። የሮለር ጨርቅ የተቀባ ስለሆነ አይተረተርም፤ መዘምዘም አያስፈልገውም።

ቁመቱ ቢረዝም አትቁረጠው። ቧንቧው ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። የማንንም ቦታ አይዝም።

ዘንፋላዋ | ሐሙስ ማታ 1:45

ይቅርታ፣ ክሩን ልጥለፍ። እኔ ያለኝ ቁም ለቁም የሚንጠለጠለው ነው፤ የቢሮ ዓይነት። ዘመድ ቢሮ ሲለቅ ሰጠኝ። ከወለል ጋር ይጎተታል። ይሄንስ ማሳጠር ይቻላል?

ሐሰና_ሰፊ | ሐሙስ ማታ 2:02

ከሁሉ ቀላሉ የአንቺ ነው የኔ እህት። ከታች በኩል ኪስ አለው፤ ኪሱ ውስጥ ዝርግ ክብደት አለ። ትንሿን ሰንሰለት አላቅቂ፣ ክብደቱን አውጪ። የሚተርፈውን ለክተሽ፣ ከእሱ ላይ ለኪሱ አራት ሳንቲም አስቀርተሽ ቁረጪ። አጥፈሽ ስፊው፤ ክብደቱን መልሺ። አንዱን ለክተሽ እሱን ለሌሎቹ መለኪያ አድርጊው። እያንዳንዱን በሜትር ከለካሽ ጫፉ እንደ ደረጃ ይሆናል። ስፋቱ ከበዛ ደግሞ ትርፉን ቅጠል አውልቀሽ የላይኛውን ሐዲድ ብቻ ማስቆረጥ ነው።

የከሚሴ_ፀሐይ | ዓርብ ጠዋት 4:00

እኛ ጋ ችግሩ ሰው ማየቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ብላይንድ ቤት ያቀዘቅዛል?

ድሪል_ኮምቦልቻ | ዓርብ ጠዋት 4:25

የእኛም አገር ይሞቃል፤ አልዋሽህም። ትንሽ ይረዳል። ነጭ ወይ ብርማ ቀለም ያለው ከፀሐዩ የተወሰነውን መልሶ ወደ መስታወቱ ይወረውራል። ግን ብላይንዱን ሲመታው ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፤ ሙቀቱም ቤት ውስጥ ነው። ጥቁር ከገዛህ ደግሞ እሱ ራሱ ይግልና ምድጃ ይሆንልሃል። ሙቀትን ከውጭ ነው መመለስ። ከመስኮቱ በላይ ጥላ ማውጣት ወይም በምዕራቡ በኩል ዛፍ መትከል። ዛፉ ከብላይንድ ይረክሳል፤ መጠበቅ ነው እንጂ።

ጦሳ_ሥር | እሑድ ቀን 8:10

አለቀ።

ቋሚ ፍለጋ ግድግዳውን ሳንኳኳ እማዬ ሰው የመጣ መስሏት ሁለት ጊዜ በር ከፈተች። ሁለት ቋሚ አገኘሁ። ሞራሌው ታሰረ፤ ተንጠላጥዬበት ሞከርኩት፤ አልተነቃነቀም። ጨርቁን ስቆርጥ እህቴ ብረቱን ረገጠችልኝ። በሰያፍ ለካን፤ የሦስት ሚሊ ልዩነት ነበር፤ አስተካከልን። እንዲያም ሆኖ ሲጠቀለል ትንሽ ወደ ግራ ይሸሻል።

ድሪል_ኮምቦልቻ | እሑድ ቀን 8:22

መጀመሪያ መያዣዎቹን በውሃ ልክ እያቸው። እኩል ከሆኑ ጨርቁን ሙሉ ለሙሉ አውርደህ ቧንቧው ጫፍ ላይ ጣት የምታህል የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ። ጠቅልለው እየው። ካባሰው ነቅለህ ወደ ሌላኛው ጫፍ አዙረው። አንዱ ላይ ይስተካከላል።

አናጢው_ከሐይቅ | እሑድ ቀን 9:00

ሸጋ ሠርተሃል። አሁን የሳሎኑ ቅጠል አዘጋግ ቀርቶሃል። የምትሸሸው ከላይ የሚያይህን አይደል? ስትዘጋው የቅጠሉ የውስጠኛው ጠርዝ ወደ ላይ፣ የውጭው ጠርዝ ወደ ታች ይሁን። ከላይ የሚያይ ሰው የቅጠሉን ጀርባ ብቻ ነው የሚያየው። ገልብጠህ ከዘጋኸው ግን በየስንጥቁ ወለልህን እያየ ስኒህን ይቆጥርልሃል።

ጦሳ_ሥር | እሑድ ማታ 1:35

ጋሽ አናጢ፣ አራት ቀን ሙሉ ገልብጠን ስንዘጋው ነበር!

አሁን አስተካከልኩት። ወደ ጎረቤት በረንዳ ወጥቼ አየሁ። ከሰቀልኩበት መስኮት ምንም አይታይም። ያኛው፣ የቆረጥኩበት ግን እንደተከፈተ ነው፤ ሌላ 120 እስክገዛ እማዬ የተቀደደውን መጋረጃ ጠቅማ ሰቀለችበት። ድመቷ ተመልሳ ጀምራለች።

እማዬ ደግሞ አዲስ ቅሬታ አላት። ለቡና የሚጠሩት ጎረቤቶች ከላይ ሆነው ጭሱን አይተው ነበር የሚመጡት። ዛሬ አቦሉ ወርዶ ማንም አልመጣም። ልጅ ልኬ ነው ያስጠራኋቸው። ለቶናው ደረሱ።

የወልድያው | እሑድ ማታ 1:41

የወጥ ቤቱን ፎቶ ላክ እንጂ። ያን ዘመም ያለውን።